ክላሲክ 350 ለሐረጎ ቁልቁለት፦ ተራው ይበቃል ወይስ ውዱ?

ሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350ን ከሩቅ ያየ ሰው የአያቶቹ ዘመን ሞተር ሳይክል ይመስለዋል። ክብ የፊት መብራት፣ የእንባ ጠብታ የመሰለ ታንክ፣ ጎማውን አቅፎ የወረደ ሰፊ ፓራፋንጎ። በፈረንጆቹ 2021 የወጣው ስሪት ውስጡ ግን አዲስ ነው፦ 349 ሲሲ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር፣ በ6,100 ዙር 20.2 የፈረስ ጉልበት፣ በ4,000 ዙር 27 ኒውተን ሜትር፣ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፣ በካርቡራተር ፋንታ ቤንዚኑን እየመጠነ የሚረጭ ኢንጀክሽን።

ገዢን የሚያደናግረው የስሪቶቹ ብዛት ነው። በ2021ዱ ዝርዝር ከታች ሬዲች አለ፤ ኩባንያው በተወለደባት የእንግሊዝ ከተማ ስም ተጠርቶ የርካሹን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ከዚያ ሃልሲዮን፣ ሲግናልስ፣ ዳርክ፣ ክሮም እያለ ዋጋው ይወጣል። ከመነሻው ሊታወቅ የሚገባው ሞተሩ የሁሉም አንድ መሆኑ ነው። ሻንሲው፣ 13 ሊትር የሚይዘው ታንክ፣ 41 ሚሊ ሜትር የፊት ሾክ፣ ስድስት ደረጃ ያለው የኋላ ሾክ፣ 195 ኪሎ የሚደርሰው ክብደት፣ ሁሉም ያው ነው። «ክሮሙ ይበልጥ ይጎትታል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሞክሩ። ገንዘቡ የሚሄደው ለሦስት ነገር ነው፤ ለፍሬን፣ ለቸርኬ፣ ለቀለም። ወሎ ላይ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እንዳለው እንደ ሐረጎ ባለ ቁልቁለት፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ዋጋውን ያወጣል።

ስለ ጉልበቱ አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር በባሕር ወለል ደረጃ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በወረቀት 20.2 የተባለው ጉልበት ደሴ ላይ ወደ 16 ይጠጋል። ኢንጀክሽኑ ቤንዚኑን ለሳሳው አየር ይመጥናል እንጂ የጎደለውን አየር አያመጣም። ሁለት ሰው ጭኖ ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት ሲወጣ አራተኛ ማርሽ ላይ ማስጨነቅ ሞተሩን ማሰቃየት ነው፤ ሦስተኛ አስገብቶ ዙሩን 4,000 አካባቢ መያዝ ይሻላል፤ የመጎተት ኃይሉ ጫፍ ያለው እዚያ ነው። በዚህ ጉዳይ ውዱም ተራውም እኩል ናቸው።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ሬዲች ከፊት 300 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ ከኋላ 153 ሚሊ ሜትር ታምቡር (ሸራ ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ዝግ ፍሬን) አለው፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የሚጠብቀው የፊቱን ጎማ ብቻ ነው። ከፍ ያሉት ስሪቶች ከኋላም 270 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይዘው ይመጣሉ፤ ኤቢኤሱም ሁለቱንም ጎማ ይጠብቃል። ሃልሲዮን መሀል ላይ ነው፤ ባለ አንዱም ባለ ሁለቱም ወጥቷል። ስለዚህ «ኤቢኤስ አለው» የሚለውን ቃል ብቻ አምናችሁ አትክፈሉ። ጎንበስ ብላችሁ የኋላውን ጎማ እዩ፦ ዲስክና ከአጠገቡ ጥርስ ያለው ቀጭን ቀለበት ካለ ሁለቱም ይጠበቃሉ፤ ድፍን ታምቡር ከሆነ የፊቱ ብቻ።

ልዩነቱ ምን ያደርጋል? ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ዋናው ጠመዝማዛ ሐረጎ ላይ ነው። ሞተር ሳይክሉ 195 ኪሎ፣ ሁለት ሰው 140 ኪሎ ብንል 335 ኪሎ ነው የሚወርደው። ይህ ክብደት 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ስድስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ሠፈሩን ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ ቡና የሚያጠጣ ሙቀት ነው። ነፋሱና ሞተሩ ያልወሰዱትን በሙሉ ፍሬኑ ይውጠዋል። ታምቡር ዝግ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይተፋም። ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ሸራው ላዩ እንደ መስታወት ያብለጨልጭና መያዝ ይተዋል። ነጂው ያኔ ሁሉንም ነገር በፊት ፍሬን ላይ ይጥላል። ክረምት ላይ ጉም ወርዶ አስፋልቱ ረጥቦ፣ ከባድ መኪኖች ያንጠባጠቡት ናፍጣና ዘይት መንገዱ ላይ ተለጥፎ ሳለ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ይሆናል፦ ታምቡሩን ትንሽ ጠበቅ ሲያደርጉት የኋላ ጎማ ይቆለፋል፣ ጭራው ወደ ጎን ይሄዳል፤ የሬዲች ኤቢኤስ በዚያ በኩል ዓይን የለውም።

ዲስክም ቢሆን አላዋቂ እጅ ላይ ይወድቃል። ፔዳሉን ረግጦ እስከ ኮምቦልቻ መውረድ የፍሬኑን ዘይት ያፈላል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። የደሴ አየር እርጥብ ስለሆነ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚለውን ምክር ወደ ጎን አትበሉት። አወራረዱም ቀላል ነው፦ ከጠመዝማዛው በፊት ሦስተኛ፣ ሹል ኩርባ ላይ ሁለተኛ ማርሽ፤ ፍሪሲዮን ሳይያዝ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ልቅቅ። ማርሽ ነፃ አድርጎ መንሸራተት ቤንዚን ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ገብቶ ጋዙ ሲለቀቅ ቤንዚን ስለሚያቋርጥ ቁጠባው እንኳ የለም።

ተራው የሚያሸንፍበት መንገድ የለም ወይ? አለ። ጠጠር ላይ፣ በተለይ ቁልቁል፣ የኋላው ኤቢኤስ ጎማውን ያዝ ለቀቅ እያደረገ መቆሚያውን ያረዝመዋል፤ በክላሲኩ ላይ ደግሞ ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። ታምቡር ያለው ሰው ጎማውን ቆልፎ ጠጠሩን እያረሰ መቆም ይችላል። ሸራውም ቢያልቅ ለጥፎ የሚያድስ ባለሙያ አይቸግርም፤ ማጥበቂያውን ዳዶ ሁለት ዙር ማዞር ልጅም ይችላል። ነገር ግን ከመሬት 170 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ሞተር ሳይክል ይዞ በየወረዳው ጠጠር መንገድ የሚውል ሰው መጀመሪያውኑ ክላሲክ አያስፈልገውም። ለዚያ ሥራ ቀለል ያለው የባጃጅ ሞተር ሳይክል፣ ቦክሰር፣ አለ።

ቸርኬው ላይ ፍርዱ ይገለበጣል። ዳርክ በአልሙኒየም ቸርኬና የውስጥ ጎማ በማይፈልግ ጎማ ይመጣል፤ ሌሎቹ ባለ ሽቦ ቸርኬና የውስጥ ጎማ አላቸው። ሚስማር ሲወጋው ዳርክ ምቹ ነው፤ ጎማው ሳይወልቅ ከውጭ በመጠገኛ ገመድ ይደፈናል፣ ይነፋል፣ ይኬዳል። ባለ ሽቦው መካከለኛው ቆሚ ላይ ተሰቅሎ፣ ካቴናው ላልቶ፣ የኋላ ፍሬኑ ተፈትቶ ነው ጎማው የሚወጣው፤ መሣሪያ ካልተያዘ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ድረስ ማስጫን ነው። እንዲህም ሆኖ የእኛ መንገድ ጠላት ከሚስማር ይልቅ ጉድጓድ ነው። ባለ ሽቦው ጉድጓድ ሲመታ ይጎብጣል፤ የጎበጠውን ቸርኬ ሽቦዎቹን በማጥበቅና በማላላት ያቀኑታል። አልሙኒየሙ ይሰነጠቃል፤ ጠርዙ ትንሽ ከተጎዳም የውስጥ ጎማ ስለሌለው አየሩ ሌሊቱን ሁሉ ሲወጣ ያድራል። የተሰነጠቀ ቸርኬ አስበይዶ ሐረጎን መውረድ ደግሞ አይመከርም፣ አይሞከርም። ባለ ሽቦውን ከመረጣችሁ ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቁልፍ ጫፍ መታ መታ አድርጉ፤ ጥርት ብሎ የሚጮኸው ጠብቋል፣ ደንቆሮ ድምፅ ያለው ላልቷል።

ትሪፐር የሚባለው አቅጣጫ ጠቋሚ ክብ ሰዓት ከስልክ ጋር ተገናኝቶ ቀስት ያሳያል። ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውርጌሳ መንገዱ አንድ ነው፤ ለቀስት አትክፈሉ። ክሮሙ ደሴ ጉም ውስጥ ውጭ ካደረ በሰም ካልታሸ ዝገት ይነካዋል። የዳርክ ደብዛዛ ቀለም ታንኩ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ዚፕ ይጫራል። በቃ።

አሮጌ የሚገዛ ሰው ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ከ2021ዱ በፊት የነበረው ክላሲክ 346 ሲሲ፣ 19.8 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ንዝረቱም ይበዛል፣ አዲሱን ያለሰለሰው ማመዛዘኛ ዘንግ የለውምና። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ቆላ ላይ የተስተካከለው ደሴ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፦ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ይጠቁራል፣ ጠዋት ማስነሣት ትግል ይሆናል። አነስ ያለ ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፍ ቀዳዳ) ተገጥሞ ይስተካከላል፤ ያው ሞተር ሳይክል ባቲ ገበያ ሲወርድ ግን ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል። ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሰው ኢንጀክሽን ይያዝ።

እንግዲህ ምርጫው፦ ኑሮው ደሴና ኮምቦልቻ፣ አልፎ አልፎም ወልድያ ለሆነ ሰው ባለ ሁለት ዲስኩ ሃልሲዮን ባለ ሽቦ ቸርኬ ትክክለኛው ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለዓይን ነው። ከደሴ ፒያሳና ሰኞ ገበያ የማይርቅ፣ ብቻውን የሚነዳ ሰው በሬዲች ምንም አይጎድልበትም። ዳርክን የምንመክረው ጉድጓዱ በማይታይበት ሌሊት ለማይነዳ ብቻ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ቁልፉን አብሩ፤ የኤቢኤስ መብራት መብራት አለበት፤ ትንሽ ሲነዳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ጉድለት ተሸፍኖ ይሆናል። እየሄደም ካልጠፋ መጀመሪያ ጎማው ሥር ያለውን ሴንሰር በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ብዙ ጊዜ ጭቃ ነው። የፊትና የኋላ ፓድ ሁለት ሁለት ጥንድ፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመድ፣ አንድ ካንዴላ፣ ባለ ሽቦ ከሆነ ሁለት የውስጥ ጎማ (ፊቱ 19፣ ኋላው 18 ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም) ከሞተር ሳይክሉ ጋር አብራችሁ ግዙ። የቦክሰር ዕቃ በየሱቁ ተሰቅሏል፤ የዚህኛው ግን ሲፈለግ በመኪና አስጭኖ መጠበቅን ሊጠይቅ ይችላል።