ልጄን እንደገና ፊደል ላስቆጠሩልኝ መምህርት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሐዋሳ ለምትኖሩ፣ ልጃችሁ ሦስተኛ፣ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ላቃተው ወላጆች ነው። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ልጄን ያስተማሩልኝን ጡረታ የወጡ መምህርት በአደባባይ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለለመኑኝ ቃሌን አክብሬ፣ ተማሪዎቻቸው እንደሚጠሯቸው «እትዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልጄ አንደኛ ክፍል የገባው በ2012 ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የፊደል ገበታውን እንኳ በቅጡ አልዘለቀውም ነበር። ከዚያ ያለ ፈተና ወደ ሁለተኛ ክፍል ተዛወረ፤ ሁለተኛ ክፍልም በፈረቃ እየተቆራረጠ አለፈ። እኔ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ሳነብና ስጽፍ እየዋልኩ፣ የገዛ ልጄ ከራሱ ስም በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር ማንበብ እንደማይችል ያወቅሁት አራተኛ ክፍል ከገባ በኋላ መሆኑን ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል። በካርዱ ላይ እኮ አማርኛ 82 ተብሎ ይመጣ ነበር። ደብተሩም ንጹሕ ነበር፤ ከሰሌዳ የሚገለብጠውን ጽሑፍ ግን አንብበው ብለው ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ትምህርት ቤቱ ሄጄ ስጠይቅ «ልጅዎ ሰነፍ ነው፤ ቤት ውስጥ አይከታተሉትም» ተባልኩ። ሁለተኛ ስሄድ ደግሞ ወይ ክፍል እንዲደግም ወይ ሌላ ትምህርት ቤት እንድፈልግ ተነገረኝ። ለሦስት ዓመት ከፍተኛ ውጤት እየሰጡ ያሳለፉት እነርሱ ራሳቸው መሆናቸውን ያነሣ አልነበረም። ከዚያ በወር 1,800 ብር የሚከፈለው አስጠኚ ቀጠርን። ወጣቱ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ የቤት ሥራውን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ራሱ እየሠራለት ሲሄድ ሁለት ወር ሙሉ አልነቃንም። ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል የተባለበት ቦታም አስመዘገብነው፤ በዚያ ደግሞ ሠላሳ የሚሆኑ የአራተኛ ክፍል ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀው፣ ጠዋት ያልገባቸውን ያንኑ መጽሐፍ ከሰዓት በኋላ በፍጥነት ይደገምላቸዋል። ፊደል ላልለየ ልጅ የአራተኛ ክፍል ምንባብ ሁለት ጊዜ ቢነበብለት ምን ይጠቅመዋል? ከሁሉ የከፋው በክፍል ጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንዲያነብ የተደረገበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ።

በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ተሰማ፤ በየመሥሪያ ቤቱም ወሬው ሁሉ «ሪሚዲያል»፣ ማለትም የማለፊያ ነጥብ ላላመጡት በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ሆነ። እኔ ግን የማስበው ስለ አራተኛ ክፍሉ ልጄ ነበር፤ የወደቀው ተማሪ መደገፍ ያለበት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ ነው ወይስ ገና ፊደል ሲጠፋው? ይህንኑ ምሳ ሰዓት ላይ ሳነሣ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የእህቷን ልጅ ያስተማሩትን እትዬን ጠቆመችኝ። ቤታቸው ከታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ጓሯቸው ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ ሰሌዳ አለ፤ ሌላ ነገር የለም፣ ማስታወቂያም አልለጠፉም።

የመጀመሪያውን ቀን በዝርዝር ልናገር። ልጄ የአራተኛ ክፍል መጽሐፉን ሊያወጣ ቦርሳውን ሲከፍት «እሱን ተወው የኔ ልጅ፣ ዛሬ አንፈልገውም» አሉት። ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጡና ፊደል እንዲወርድላቸው ጠየቁት። ሀ ሁ ሂ ብሎ ጀምሮ እስከ ፐ ድረስ በዜማ አንደቀደቀው፤ እኔም ከኋላ ሆኜ ደስ አለኝ። ከዚያ ከገበታው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ እስክትቀር ዙሪያዋን በካርቶን ሸፍነው «ይህችስ?» አሉት። ዝም አለ። ቆይቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በሹክሹክታ ከመደዳው መጀመሪያ ተነሣ፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ… እዚያ ሲደርስ «ማ!» አለ። እትዬ ዞር ብለው አዩኝና «ልጅሽ ዜማውን ነው የያዘው፤ ፊደሉን ማንም አላስያዘውም። አይዞሽ፣ ይሄ ስንፍና አይደለም» አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያላየነውን በሩብ ሰዓት አዩት። በዚያ ቀን በዓይኑ ለይቶ የሚያውቃቸውን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ከ231 ፊደላት 58 ብቻ ሆኑ፤ ቁጥሩንም በፊቱ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ «58 ታውቃለህ፣ ብዙ ነው» አሉት። የልጄን ፊት ብታዩት! ስለሚያውቀው ነገር ከተነገረው ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር።

ቀጥለው ትናንት ምን እንደተበላ ጠየቁት። «አባቴ አሳ ገዛ» አላቸው፤ እውነትም ባለቤቴ ከአሞራ ገደል አሳ ይዞ መጥቶ ነበር። የተናገረውን እንዳለ በሰሌዳው ላይ ጻፉለትና በጣታቸው ከቃል ቃል እየተከተሉ አስነበቡት። ሲጨርስ ካርቶን ላይ ገልብጠው ለቤቱ ሰጡት። ያቺ ካርቶን ዛሬም ግድግዳችን ላይ ተለጥፋ ትገኛለች።

ስለ ዘዴያቸው ብዙ ማብራራት አልችልም። የማየው ልጆቹን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ እንደሚያስቀምጧቸው ነው፤ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከሁለተኛ ክፍል ልጅ ጎን ይቀመጣል፣ ማንም ግን በማንም አይስቅም። ቤታቸው ሲዳምኛ ለሚነገር ልጆች መጀመሪያ በሲዳምኛ ያጫውቷቸዋል። ሒሳብም እንዲሁ ነው። ልጄ ከ52 ላይ 17 ሲቀንስ ሁልጊዜ 45 ይላል፤ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ መሆኑ ነው። እኔ እቆጣው ነበር። እትዬ ግን በአሥር በአሥር በላስቲክ የታሰረ የእንጨት ስንጥር ሰጡትና «ከሁለቱ ላይ ሰባት ከየት ታመጣለህ? አንዱን እስር ፍታው» አሉት። ላስቲኩን ፈታ፤ ቆጠረ፤ 35 አለ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም።

አንድ ቀን አፍሬ ሳለቅስባቸው፣ በ2002 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ነገሩኝና «ልጅሽ ብቻውን አይደለም፤ ብቻውን የሆነ የመሰለው ሁሉም ስለሚደብቅ ነው» አሉኝ። እኔም ይህን በአደባባይ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ዛሬ ልጄ ሁሉን ደርሶበታል አልልም። የሳይንስ መጽሐፉ አሁንም ይከብደዋል፤ ሲያነብም ቀስ ብሎ ነው። ነገር ግን ሰኔ ላይ በባጃጅ ስንመለስ መንገድ ዳር ያለ ማስታወቂያ ዓይኑን ያዘውና «የ…በር… ቁልፍ…» ብሎ ጀመረ። ባጃጁ ሲንቀሳቀስ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «እንቀርጻለን!» ብሎ ጨረሰው። ሹፌሩ ቁልፍ ልናስቀርጽ የፈለግን መስሎት ቆመልን።

እትዬ በሳምንት አራት ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ያስተምራሉ። በ2015 በወር 600 ብር ይቀበሉ ነበር፤ ላልቻለ ወላጅ ግን አይጠይቁም፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለም ልጆቹ አያውቁም። ከ12 ልጅ በላይ ስለማይይዙ፣ የምትፈልጉ ቀደም ብላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እባካችሁ አትዘግዩ። ልጁ ትልቅ ሆኗል፣ ፊደል መቁጠር ያሳፍረዋል ብላችሁም አትተዉት፤ እርሳቸው ዘንድ አያፍርም። ስትሄዱ የክፍል መጽሐፉን መያዝ አያስፈልጋችሁም።

እትዬ፣ ይህን ልጄ ያነብልዎታል፤ ቃል ገብቶልኛል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።