መኪናን በሌሊት ፎቶ ለማንሳት፦ ቱቦ፣ ፍላሽ ወይስ ፓነል?

የመኪና ቀለም እንደ መስታወት ነው። ግድግዳ ላይ ሲያበሩ ግድግዳው ይታያል፤ ጥቁር ኮፈን ላይ ሲያበሩ ግን ጎልቶ የሚታየው የመብራቱ የራሱ ምስል ነው። ትንሽ መብራት ነጭ ነጥብ ይጥላል፣ ረጅም መብራት ረጅም መስመር ይስላል። የመብራት ማስታወቂያዎች ስለ ዋት ብዙ ያወራሉ፤ ለመኪና ግን ከዋቱ ይልቅ የመብራቱ ርዝመትና የብርሃኑ ልስላሴ ነው የሚበልጠው።

ባለ ቱቦ ኤልኢዲ

አንድ መብራት ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ይግዛ። ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ይቆማል፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ሻተሩ ሲከፈት ጥቁር የለበሰ ሰው ቱቦውን ወደ መኪናው አዙሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመዳል። 4.5 ሜትር የሚረዝም መኪና በ10 ሰከንድ ገደማ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ካቆመው ላሜራው ላይ ሰፊ የብርሃን ጥለት ይወጣል፤ በሚሄድበት አቅጣጫ ካጋደመው ቀጭን መስመር ብቻ።

ታዲያ 60 ወይስ 120 ሳንቲ ሜትር? የብርሃኑን ርዝመት እርምጃው ስለሚሰጥ ቱቦው የሚጨምረው ስፋቱን ነው። ለቤት አውቶሞቢል 60 ይበቃል፤ ቦርሳም ውስጥ ይገባል። 120ው ለፒክአፕና ለሚኒባስ ቁመት ይመቻል፣ ጠባብ ቦታ ላይ ግን መሬት እየነካ እጅ ያስራል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እጅ ላይ ነው። ሰው ሲራመድ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያ ሁሉ በሩ ላይ እንደ ማዕበል ይታተማል። ክርንን ከጎን አጣብቆ፣ ጉልበትን ትንሽ አጥፎ መሄድ ያስተካክለዋል። መሐል ላይ ቆም ካሉ ደግሞ እዚያ ቦታ የነጣ ንጣፍ ይቀራል። ሁሉንም በአንድ ፍሬም (በአንድ ፎቶ) ለመጨረስ አለመሞከር ይሻላል፦ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን፣ ጎኑን፣ ቸርኬውን በየተራ ከ5 እስከ 8 ፍሬም አንስቶ በኮምፒውተር ላይ ፎቶዎቹን ደራርቦ ከየፍሬሙ ደማቁን ክፍል ብቻ በሚይዘው የሌየር ስልት ማዋሃድ ይቻላል።

ሲገዙ የሚታየው ይህ ነው። ፊቱ ወተት በሚመስል ፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን፤ እርቃናቸውን የተደረደሩ ኤልኢዲዎች ቀለሙ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ብርሃኑ እስከ 1 በመቶ ድረስ የሚቀንስ ይሁን፣ ምክንያቱም በ30 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ኃይሉ ይበዛል። የቀለም ትክክለኛነቱ (ሲአርአይ) 95 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ አለበለዚያ ቀይ መኪና የደበዘዘ ቡናማ ይሆናል።

ፍላሽ

ፍላሽ የሚያሸንፈው ጊዜ በሌለበት ነው፦ ሰው ሲመላለስ፣ ነፋስ ሲኖር፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ። ብልጭታው አጭር ስለሆነ እንቅስቃሴን ያቆማል። ችግሩ ጭንቅላቱ ትንሽ መሆኑ ነው፤ ፓራፋንጎው ላይ የነጣ ነጥብ ይተዋል። ካሜራው ላይ እንደተሰካ ከተተኮሰ ደግሞ አንጸባራቂው ታርጋ ብርሃኑን መልሶ ወደ ሌንሱ ይልከዋል፣ ቁጥሩም ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ ፍላሽ የሚገዛ ራዲዮ ትሪገርም (ፍላሹን ከካሜራው ርቆ እንዲበራ የሚያደርግ መሣሪያ) ጨምሮ ይግዛ። 60×90 ሳንቲ ሜትር ሶፍትቦክስ (ፍላሹ ላይ የሚገጠም ብርሃን አለስላሽ የጨርቅ ሳጥን) ነጥቡን ያለሰልሰዋል፤ ከሙሉ መኪና አንጻር ግን እሱም ትንሽ ነው፣ ንፋስም ይጥለዋል። ለቸርኬ፣ ለመኪናው ውስጥና ከኋላ ለሚነሳ አቧራ ግን ፍላሽን የሚተካ የለም።

ፓነል

ባለ አራት ማዕዘኑ ፓነል (ጠፍጣፋ የኤልኢዲ መብራት) በቀጥታ ከተተኮረ በሩ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ወደ ነጭ ግድግዳ ሲዞር ግን ግድግዳው ራሱ ትልቅ መብራት ይሆናል፤ ጋራዥ ውስጥ ለሚያነሳ ይህ ጥሩ መላ ነው። ቪዲዮም የሚቀርጽ ከሆነ ፓነል ይገባዋል፤ ካልሆነ ሦስተኛ ምርጫ ነው።

ከመብራቱ በፊት

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ትራይፖድ ይቅደም። ፍሬሞች የሚዋሃዱት ካሜራው በመሐላቸው ካልተነቃነቀ ብቻ ነው። የካርቦን ትራይፖድ ጥቅሙ ቅለቱ ነው፤ መኪናው አጠገብ ለሚሠራ ሰው ከበድ ያለው አልሙኒየም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይልቅ ወደ ፊት መብራት ከፍታ፣ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር፣ መሐለኛው ዘንግ ሳይወጣ በደንብ የሚቆም መሆኑን ይፈትሹ። ሪሞት ወይም የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ይጠቀሙ፤ የሌንሱን ማረጋጊያም ያጥፉ፣ ትራይፖድ ላይ ሆኖ ራሱ ሊያደበዝዝ ይችላል።

ኤፍ 1.4 ሌንስ ላይ አይቸኩሉ። ሥራው በኤፍ 8 ስለሆነ ከካሜራው ጋር የሚመጣው የ18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዘልቃል፤ 50 አካባቢ ላይ የመኪናው ቅርጽ ሳይዛባ ይወጣል፣ 18 ላይ ቀርበው ካነሱ አፍንጫው ያብጣል። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሌንስ የሚጠቅመው ያለ ትራይፖድ፣ በኤፍ 1.8፣ በ1/60 ሰከንድ እና በአይኤስኦ 3200 ለሚያነሳ ነው።

ፖላራይዘር ፊልተር የመስታወቱን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የ15 ሰከንዱን ፎቶ ወደ 40–60 ሰከንድ ያስረዝመዋል፣ በቱቦው የሳሉትንም መስመር ያደበዝዛል። ለመስታወቱ ብቻ በተለየ ፍሬም ይጠቀሙበት።

የፊት መብራቶችን 30 ሰከንድ ሙሉ አብርቶ መተው ፎቶውን ያቃጥለዋል። ፓርኪንጉን ብቻ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ አብርተው ያጥፉ። ብርቱካናማ የሶዲየም የመንገድ መብራት ስር ደግሞ ከ2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብርቱካናማ ያደላል) በታች የማይወርድ ቱቦ ከዙሪያው ጋር አይስማማም፤ ፋይሉን በሮው (ካሜራው ባልተቀነባበረ መልክ በሚያስቀምጠው ፋይል) ቢያነሱም ሁለቱን ቀለሞች ማስታረቅ ያደክማል። መኪናውን ከአምፖሉ ራቅ አድርጎ ማቆም ይቀላል።