ሬይልስን ስምንት ወር ተጠቅሜ፦ «ጨረታ» እንዴት «ጨረተም» ሆነ

በሬይልስ 8፣ ማለትም በሩቢ ቋንቋ በተጻፈው የድር አፕሊኬሽን መሥሪያ፣ የጨረታ ማስተዳደሪያ ሊሠራ የተነሣ ሰው ገና በመጀመሪያው ትእዛዝ ይህን ያያል። ሞዴል (አንድን የመረጃ ዓይነት የሚወክል ክላስ) ለሚፈጥረው ጄኔሬተር፣ ማለትም ኮድ ጻፊ ትእዛዝ፣ «ጨረታ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ይሰጠዋል። ጄኔሬተሩ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፋል፤ ስሙ የብዙ ቁጥር ስለመሰለኝ ነጠላውን ተጠቅሜያለሁ የሚል ነው። ከዚያ ፋይሉንም ክላሱንም «ጨረተም» ብሎ ይፈጥራቸዋል። የዳታቤዝ ሠንጠረዡ ግን «ጨረታ» ተብሎ ይቀራል። ማስጠንቀቂያው ከሚፈጠሩት ፋይሎች ዝርዝር በላይ ስለሚወጣ ብዙ ሰው አያየውም።

ይህ ግምገማ በአብዛኛው ስለዚች አንድ ነገር ነው። ስለ ቀሪው አጭር ቃል ይበቃል። 8.0 በ2024 ኅዳር አካባቢ ሲወጣ የጀርባ ሥራዎችን ወረፋ በዳታቤዙ የሚይዘውን ሶሊድ ኪውን ይዞ ስለመጣ ለጀርባ ሥራ ብቻ ተብሎ ሬዲስ የሚባል ሌላ የመረጃ ማከማቻ መትከል ቀርቷል፣ የመግቢያና የይለፍ ቃል ኮዱን አንድ ጄኔሬተር ይጽፈዋል፣ ካማል የሚባለው መሣሪያ አፕሊኬሽኑን ሰርቨር ላይ ያወጣዋል። ሁሉም ይሠራል።

ወደ ጨረተሙ እንመለስ። ሬይልስ ስሞችን ከነጠላ ወደ ብዙ፣ ከብዙ ወደ ነጠላ የሚለውጥበት ኢንፍሌክተር የሚባል ክፍል አለው። ይህ ክፍል መዝገበ ቃላት አይደለም። የቃሉን መጨረሻ የሚያይ የደንቦች ዝርዝር ነው። ከደንቦቹ አንዱ «ታ» ወይም «ኢያ» ብሎ የሚያልቅ ቃል ከላቲን የመጣ የብዙ ቁጥር ነው ይላል፤ ዳታ የዴተም፣ ሚዲያ የሚዲየም ብዙ ስለሆነ። እንግዲህ የአማርኛን የቢሮ ቃላት ቁጠሩ፦ ጨረታ፣ ቅሬታ፣ ይዞታ፣ ቦታ፣ ስጦታ፣ አቤቱታ፣ በሽታ፣ ሁኔታ፣ የእቁቡ ዕጣ (በላቲን ፊደል «ኤታ»)። ሁሉም በላቲኑ ደንብ ብዙ ናቸው፣ የሁሉም ነጠላ «ተም» ሊሆን ነው። ኮንሶል ከፍታችሁ «ኢትዮጵያ»ን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነጠላ አድርግ ብትሉት «ኢትዮጵየም» ይላችኋል። ቀልድ አይደለም፣ ሞክሩት።

«ኮንቬንሽን ካለ ኮንፊገሬሽን አያስፈልግም» እያለ ሬይልስን የሚሸጠው ሰው እዚህ ጋ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ታዲያ ክላሶችህን በእንግሊዝኛ ሰይማቸው፣ ኦክሽን በለው፣ ተንደር በለው» ይላል። ጥሩ፤ ይዞታን ምን ልበለው? እቁብን፣ እድርን፣ ርስትን? የግዥ ባለሙያው በስብሰባ «ቅሬታ» ያለውን ኮዱ ውስጥ «ኮምፕሌይንት»፣ «አፒል» ወይም «ግሪቫንስ» ብሎ መጻፍ ሦስት ፕሮግራመር ሦስት ስም እንዲያወጣለት መፍቀድ ነው። ደግሞም እንግሊዝኛው ራሱ አይተርፍም። «ኮታ» የሚል ሞዴል ያለው እንግሊዛዊም ነጠላው «ኮተም» ይሆንበታል። ዝርዝሩም ሊታረም አይደለም፤ ነባር አፕሊኬሽኖች እንዳይሰበሩ ሲባል በኢንፍሌክተሩ ደንቦች ላይ ማሻሻያ እንደማይቀበሉ ሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ምክንያቱ ትክክል ነው፣ ግን ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። (በድሮዎቹ ስሪቶች የላም ብዙ ቁጥር «ካይን» የሚል ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነበር። እሱን እንኳ አውጥተውታል።)

ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያውን ሲያይ የሚወስደው እርምጃ ጄኔሬተሩን «ፎርስ ፕሉራል» በሚለው አማራጭ እንደገና ማስኬድ ነው። ይህ ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ክላሱ «ጨረታ» ተብሎ ይፈጠራል፣ ልብም ያርፋል። አንድ ሞዴል የጨረታ መሆኑን የሚናገረው «ቢሎንግስ ቱ ጨረታ» ይሠራል፣ ምክንያቱም እሱ ስሙን ነጠላ ለማድረግ አይሞክርም። ብዙ ጨረታ አለው የሚለው «ሃዝ ሜኒ ጨረታ» ግን ስሙን መጀመሪያ ነጠላ ስለሚያደርግ «ጨረተም» የሚባል ክላስ ፈልጎ ያጣና ይወድቃል። ራውት (የድር አድራሻዎች ዝርዝር) ላይ ደግሞ ይብሳል። «ሪሶርስስ ጨረታ» ሲባል ራውተሩ ነጠላው «ጨረተም»፣ ብዙው «ጨረታ» ነው ብሎ የዝርዝሩን ገጽ አድራሻ «ጨረታ ፓዝ» ይለዋል። ሞዴሉ በበኩሉ ስሙንና የስሙን ብዙ ቁጥር አንድ ሆነው ሲያገኛቸው ቃሉ አይቆጠርም ብሎ ይደመድምና ከ«ጨረታ» በኋላ «ኢንዴክስ» የሚል ቃል የገባበት አድራሻ ይጠራል። እንዲህ ያለ አድራሻ ማንም አልፈጠረም። አዲስ ጨረታ የሚመዘገብበት ፎርም ሲከፈት የሚመጣው ስሕተት ይኸው ነው፤ ቴስት የሌለው ሰው የሚያየው ተጠቃሚው ስልክ ሲደውል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሁለቱም ክፍሎች ደንባቸውን አክብረዋል፣ የተጣሉት እርስ በርሳቸው ነው። ስለዚህ የስሕተቱ መልእክት ስለ ኢንፍሌክተር አንዲት ቃል አያነሣም። የቴስት ፊክስቸርም (ለሙከራ የሚጫን ናሙና መረጃ) እንዲሁ ነው፤ በሠንጠረዡ ስም የተሰየመው ፋይል ወደ ነጠላ ሲለወጥ ክላሱ ይጠፋውና የተያያዘ ክላስ የለም ብሎ ይቆማል።

በ«ስ» የሚያልቁ ቃላትም አላመለጡም። «ልብስ» ለእንግሊዝኛው ደንብ የብዙ ቁጥር ነው፣ የመጨረሻዋ ፊደል ትቆረጥና «ልብ» ይቀራል። የልብስ መደብር ሲስተም ውስጥ «ልብ» የሚል ሞዴል ተቀምጦ ማየት ለግጥም ይመች ይሆናል፣ ለዕቃ ቆጠራ አይመችም። «ፈረስ» «ፈረ» ይሆናል፣ «ቄስ» «ቄ» ብቻ። «ትርፍ»ም ጉድ ነው። በ«ርፍ» ስላለቀ እንደ ተኩላ የእንግሊዝኛ ስም ተቆጥሮ ሠንጠረዡ «ትርቭስ» ይባላል። ይህኛው ሄዶ ይመለሳል፤ «ትርቭስ» ተመልሶ «ትርፍ» ስለሚሆን የሚሰበር ነገር የለም። ዳታቤዙን በኤስኪውኤል የሚያየው የሒሳብ ሠራተኛ ግን ይጠይቃችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ የሚያበሳጨውም ቅለቱ ነው። ኮንፊግ ውስጥ ኢኒሻላይዘርስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ኢንፍሌክሽንስ የሚል ፋይል አለ፤ ከአዲስ ፕሮጀክት ጋር በኮሜንት ተሞልቶ ይመጣል። እዚያ «ኢሬጉላር» በሚለው ትእዛዝ ነጠላውንና ብዙውን ጥንድ አድርጎ መስጠት ነው። ኋላ የተጻፈ ደንብ ስለሚቀድም የላቲኑን ደንብ ያሸንፋል። ከዚያ ሰርቨሩንም ኮንሶሉንም ማስነሣት ያስፈልጋል፣ ኢኒሻላይዘር ኮድ ሲቀየር ራሱን አያድስም።

እዚህ ላይ ነው ያልጠበቅሁት ደስታ የመጣው። ብዙ ቁጥሩ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም። «ጨረታ»ን ከ«ጨረታዎች» ጋር በላቲን ፊደል ማጣመር ይቻላል። «ሃዝ ሜኒ ጨረታዎች» ተብሎ ይጻፋል፣ ሬይልስም ቅር ሳይለው ይቀበላል። ሠንጠረዡ «ጨረታዎች» ነው፣ አድራሻው «ጨረታዎች» ነው፣ ነጠላው ጨረታ። ኮዱን ጮክ ብሎ ሲያነቡት አማርኛ ነው። ሌላ ፍሬምወርክ ላይ ይህን ደስታ አላገኘሁትም፤ አብዛኞቹ ብዙ ቁጥር ለማበጀት መች ይሞክራሉና።

የ«ኢሬጉላር» ደንብ ከቃሉ መጨረሻ ብቻ ስለሚያዛምድ በእያንዳንዱ ቃል መድከም አያስፈልግም። «ኤታ»ን ከ«ኤታዎች» ያጣመረ አንድ መስመር ዕጣን፣ ጨረታን፣ ቅሬታንና ሁኔታን አንድ ላይ ያድናል። «ኦታ» ላይ የተጻፈ ሁለተኛ መስመር ቦታን፣ ስጦታንና ይዞታን ይይዛል። በሽታና አቤቱታ ለብቻ ይጻፋሉ። «ታ»ን በሙሉ በአንድ መስመር ልገላግል የሚል ፈተና ይመጣል፣ አትሞክሩት። «ዳታ»ም አብሮ «ዳታዎች» ይሆንና ዳታ የሚል ግንኙነት የሚጠቀም የሌላ ሰው ጄም (የሩቢ ላይብረሪ) ይሰበራል። ነባሮቹን ደንቦች ጠርጎ ከባዶ መጀመርም እንዲሁ ነው፤ የአክቲቭ ስቶሬጅ (የሬይልስ ፋይል ማስቀመጫ) እና የመሳሰሉት ሠንጠረዦች የተሰየሙት በእነሱ ነው።

«አንካውንተብል» የሚለው ሌላ መንገድም አለ፣ ቃሉ ነጠላና ብዙ አይለይም የሚል ነው። ለአማርኛ ሲያስቡት ልክ ይመስላል። እኛ «ሦስት ጨረታ ወጣ»፣ «አምስት ብር ስጠኝ» እንላለን፣ ቁጥሩ ካለ «ዎች» የግድ አይደለም። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ የሚያዛምደው በቃል ድንበር ነው፣ የግርጌ ሰረዝ ደግሞ ለሩቢ የቃል አካል እንጂ ድንበር አይደለም። ስለዚህ «ጨረታ» ብቻውን ይድናል፤ «የመሬት ጨረታ» በግርጌ ሰረዝ ሲያያዝ ግን ደንቡ አያየውምና ተመልሶ «የመሬት ጨረተም» ይሆናል። «ኢሬጉላር» ይህ ችግር የለበትም። ምርጫው እዚህ ላይ ተዘጋ።

አንዳንዱ ደግሞ ኢንፍሌክተሩ በየቋንቋው ደንብ እንደሚቀበል አንብቦ ሁሉን በአማርኛው የቋንቋ ኮድ ስር ይጽፈዋል። ይቀበላል፣ እውነት ነው፤ ግን የሠንጠረዥ ስም፣ ግንኙነትና ራውት ሁልጊዜ የሚያዩት የእንግሊዝኛውን ዝርዝር ነው። የአማርኛ ደንባችሁም እንግሊዝኛው ስር መጻፍ አለበት። ስድብ ይመስላል፣ ግን እንዲያ ነው። «ለምን ክላሱን በግዕዝ ፊደል አንጽፈውም» ለሚል፦ ሩቢ ክላስን ከሌላው ስም የሚለየው በትልቅ ፊደል መጀመሩ ነው፣ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። የሜተድ ስም በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፣ ይሠራልም። ክላስ ግን አይሆንም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳያይ ገፍቶ «ጨረተም»ን ሥራ ላይ ያዋለ ሰው ማረሚያው ረዘም ይላል። መጀመሪያ የኢንፍሌክሽን ደንቡ ይጻፋል። ከዚያ በአንድ ማይግሬሽን (የዳታቤዝ ቅርጽ መቀየሪያ ፋይል) የሠንጠረዡ ስም ይቀየራል፣ በሌሎች ሠንጠረዦች ያሉት «ጨረተም አይዲ» ኮለሞችም እንዲሁ። ፋይሉና ክላሱ ይቀየራሉ፤ ኮዱን የሚጭነው ዛይትወርክ ፋይሉና ክላሱ ካልተገጣጠሙ አይጭንም፣ ይህ እንኳ ፈጥኖ ይታወቃል። የሚረሳው በዳታቤዝ ውስጥ እንደ ጽሑፍ የተቀመጠው የክላስ ስም ነው። የአክቲቭ ስቶሬጅ አባሪዎች «ሪኮርድ ታይፕ» የሚለው ኮለም ውስጥ የድሮው ስም አለ፤ በአፕዴት ካልተቀየረ የጨረታ ሰነዶቹ ሳይጠፉ የጠፉ ይመስላሉ። ፖሊሞርፊክ ግንኙነት (የተያያዘውን ክላስ ስም በጽሑፍ የሚያስቀምጥ) ያለበት ሁሉ እንደዚያው ነው። ሶሊድ ኪው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሥራዎች ካሉ ደግሞ ሞዴሉን በክላስ ስሙ ስለሚያስታውሱ ከለውጡ በኋላ ሲነሡ ይወድቃሉ። ስለዚህ ወረፋውን አስጨርሶ ነው ዲፕሎይ የሚደረገው።

«ፎርስ ፕሉራል» የሚተወው ስሕተት እንዳይደገም አንዲት አጭር ቴስት ትበቃለች። ሁሉንም ሞዴል አስጭኖ የእያንዳንዱን ስም ብዙ ያደርጋል፣ መልሶ ነጠላ ያደርጋል፣ የመጣው ስም የመጀመሪያው ካልሆነ ይጮኻል። ከአምስት መስመር አትበልጥም።

ከኢንፍሌክተሩ ጋር ዘመድ የሆነ አንድ ሌላ ወጥመድ፦ ርእስን ወደ አድራሻ የሚለውጠው «ፓራሜተራይዝ» የግዕዝ ፊደልን አያውቅም፣ ያላወቀውንም ሁሉ ይጥላል። «የመንገድ ጥገና ጨረታ» ባዶ ጽሑፍ ይሆናል። «የ2017 የመንገድ ጥገና» ደግሞ «2017» ብቻ ይቀራል፤ ኮለሙ ላይ የማይደገም ኢንዴክስ ካለ የዚያ ዓመት ሁለተኛው ጨረታ አይመዘገብም። በዩኒኮድ ፊደልና ቁጥርን ብቻ አስቀርቶ ቀሪውን በሰረዝ የሚተካ የራስ ሜተድ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፣ አድራሻ ሲገለበጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፣ ሃያ ፊደል ያለው ርእስ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ መቶ ሰማንያ። የጨረታውን ቁጥር አድራሻ ማድረግ ይሻላል።

እንግዲህ ያስጸጽታል ወይ ለሚል፣ ስለ «ጨረተም» ሳስብ አዎ፣ «ሃዝ ሜኒ ጨረታዎች» የሚለውን መስመር ሳነብ አይ። ዛሬ መልሴ ሁለተኛው ነው። አዲስ ፕሮጀክት ብጀምር ከማንኛውም ጄኔሬተር በፊት የኢንፍሌክሽን ፋይሉን እጽፋለሁ፣ ሬይልስንም እመርጣለሁ። አንድ ቃል ብቻ በምንም ደንብ አልዳነም፦ «ሰልፍ»። በላቲን ሲጻፍ «ሴልፍ» ነው፣ ብዙው ትርቭስን መስሎ «ሴልቭስ» ይሆናል፣ እሱ ይታረማል። ግን በሩቢ «ሴልፍ» የተያዘ ቃል ነው፣ ብቻውን ሲጻፍ ሰልፉን ሳይሆን የሚናገረውን ዕቃ ራሱን ይመልሳል። እሱን «ተራ» ብሎ ማለፍ ነው።