ሙዝ መፍጨት ወይስ ጁስ ማርጋት?

ቀዝቃዛ ጣፋጭ ካማራችሁ ቀላሉ ምርጫ ሁለት ነው፦ በረዶ የሆነ ሙዝ በብሌንደር መፍጨት፣ ወይም ጁስ በትንንሽ ኩባያ ፍሪዘር ውስጥ ማርጋት።

እኔ ለሙዙ አደላለሁ። ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣውን ምረጡ፤ ስኳር አይፈልግም። ልጣችሁ ቆራርጡትና ሳይደራረብ ፍሪዘር ውስጥ ይደር። መጀመሪያ ሲፈጭ እንደ አሸዋ ይበታተናል። አትደንግጡ። ብሌንደሩን እያጠፋችሁ ዳር ላይ የተለጠፈውን በማንኪያ መልሱት። ድንገት ይያያዝና ክሬም ይሆናል፣ ያውም ያለ ወተት! ወዲያው ካልተበላ ግን ይቀልጣል።

ጁሱ ብሌንደር አይጠይቅም፤ ትንሽ ሲጠጥር እንጨት መሰካት ብቻ ነው። ግን እሱም ሰዓታት ይፈጃል፣ ስኳር ካነሰውም ድንጋይ ነው። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ስለሚያደበዝዝ ከወትሮው ትንሽ አጣፍጡት። ልጆች ለሚበዙበት ቤት እሱ ይሻላል።