ሐረር ጁገል፦ የሐረሪ ቤት ወይስ የራስ ተፈሪ ቤት?

በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር፣ ጁገል፣ ገብታችሁ ጊዜ ያላችሁ ለአንድ ቤት ብቻ ከሆነ፣ እኔ የምለው ሙዚየም የሆነውን ባህላዊውን የሐረሪ ቤት እዩ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ መደቦቹ ቀይ ናቸው፤ ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ነደባ የሚሏቸው እነዚህ መደቦች ደረጃ አላቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይነግራችኋል። ግድግዳው ላይ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ፣ በልማዱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። እዚያ ጋ ቆም በሉ።

የራስ ተፈሪ ቤት ውበቱ ሌላ ነው፦ የህንድ እጅ ያረፈበት የእንጨት ቅርጽ፣ ሰፊ በረንዳ። የአቶ አብደላ ሸሪፍ ስብስብም፣ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍቱና የድሮ ሳንቲሞቹ፣ እዚያ ነው። ብራናና የድሮ ሳንቲም ለሚወድ ሰው ይሄኛው ይበልጣል። እኔን ግን የሚይዘኝ ቀዩ መደብ ነው።