የእምዬን ንቅሳት ያልፋቀው ልጅ

ባሕር ዳር ላላችሁ፣ በተለይ የሰርግ ሲዲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቁም ሳጥን ላይ ላስቀመጣችሁ፦ የቆየ የሰርግ ቪዲዮ የሚያድስ አንድ ልጅ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው።

የታላቅ እህቴ ሰርግ ጥር 1997 ዓ.ም. ዘጌ ነበር። ቪዲዮው በ3 ቪሲዲ ተሰጠን። አያቴ፣ እምዬ ነበር የምንላት፣ በሕይወቷ የተቀረጸችው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሲዲ ላይ፣ ዳሱ በር ላይ ቆማ እልል ስትል። ዴኩ ታዲያ እዚያች ቦታ ሲደርስ ይንተባተብና ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ ሌላ ቤት ወሰድነው። «በኤአይ 4ኬ እናደርገዋለን» አሉን፤ አደረጉትም። ምስሉ ቦግ ብሏል። እናቴ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «እናቴስ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች። እምዬ እኮ ስክሪኑ ላይ ናት! የግንባሯ መስቀል ጠፍቷል፤ በዋናው ላይ ብዥ ያለ ሰማያዊ ጥላ የነበረው የአንገቷ ንቅሳት እንደ ቆሻሻ ተጠርጓል፤ ቆዳዋ የ30 ዓመት ሴት ሆኗል። ስክሪኑ እንዲሞላ ሁሉም ወደ ጎን ስለተለጠጠ ቀጭኑ አማቻችን ድቡልቡል ብሏል። በእሱ ስቄያለሁ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በጓደኛዬ በኩል ጊዮርጊስ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ልጅ አገኘሁት። የተሠራውን በፍላሽ ስሰጠው አልነካውም። «እህቴ፣ ዋናውን ሲዲ አምጪልኝ» ብቻ።

ሲዲውን አምፖል ላይ አንስቶ አየው። እኔ የምፈራው ከታች ያለውን ጭረት ነበር። ለካ መረጃው ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ስር ባለችው ስስ ሽፋን ላይ ነው፤ የጎዳውም ወንድሜ በእስክሪብቶ ተጭኖ «ሰርግ 2» ብሎ የጻፈው ነው። ቪሲዲ ደግሞ ብዙ ደቂቃ እንዲይዝ ሲባል ከተራ የዳታ ሲዲ ያነሰ የስህተት ማረሚያ ነው ያለው፤ ኮፒ ሲደረግ መሃል ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። በ3 የተለያዩ ማንበቢያዎች፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንዱ የሳተውን ከሌላው እየለቀመ 2 ቀን ፈጀበት። (መብራት የጠፋበትን ሳንቆጥር።) ጥቂት ሴኮንዶች አልተገኙም፤ እንደተቆራረጡ ተዋቸው።

ምስሉን ማሳደጉ ላይ ሲደርስ ሊያማልለኝ አልሞከረም። የእኛ ቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው። ሳይለጠጥ ወደ 1440 በ1080 ሲያድግ ነጥቡ 15 እጥፍ ይሆናል። «ከ15ቱ 14ቱን ኮምፒውተሩ ገምቶ ነው የሚሞላው፤ ፊት ላይ ከለቀቅሁት የማያውቃትን ሴት ይሥልልሻል» አለኝ። ፊት ማሳመሪያውን አጠፋው፤ ካሬ ካሬ የሚለውን ብቻ አለሳልሶ የእምዬን ቦታ 3 ዓይነት አድርጎ ሰጠኝ። እኔ ለመምረጥ አልደፈርሁም፤ በጀልባ ዘጌ ድረስ ይዤው ሄድሁ። እናቴ ብዥ ያለውን መረጠች። መስቀሏ ይታያላ!

ስንረከብ የተሻሻለውን ብቻ ሳይሆን ሳይነካ የተቀዳውንም ለይቶ ሰጥቶናል፤ ነገ የተሻለ ፕሮግራም ቢመጣ ከዚያ ነው የሚጀመረው። እግዜር ይስጥልን።

ጉድለቱንም ልናገር፦ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ 2 ሳምንት ካላችሁ 3 በሉት። ቁጥሩን አትለጥፊ ስላለኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ ግን ሲዲውን በጥርስ ሳሙና አሽታችሁ እንዳትወስዱበት፤ በዚያ ብቻ ሲቆጣ አይቼዋለሁ።