አንድ እሽግ ከረሜላና ሦስት የጎደሉ ፍሬዎች

ከረሜላውን የገዛሁት ቅዳሜ ገበያ ካለ የጅምላ ሱቅ ነው። እሽጉ ላይ «100 ፍሬ» ይላል። በአምስት ቀለም ላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ከረሜላ ነው። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ እስክታነቡት ይጨምራል።

የገዛሁት ለመብል አይደለም። ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ኬጂ ከገባ ወዲህ እስከ ሃያ ያለውን ቁጥር እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርደዋል። ግን ሰባት ፍሬ ሰፌድ ላይ አድርጌ «ቁጠር» ስለው አፉ አስር ሲደርስ ጣቱ ገና አምስተኛው ላይ ነበር። ቁጥር መጥራትና መቁጠር ለካ ለየቅል ናቸው!

ከረሜላው እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። እያንዳንዱን ፍሬ አንስቶ ብረት ሳህን ላይ ሲጥለው «ኳ» ይላል። አንድ ኳ፣ አንድ ቁጥር። በሦስት ቀን ጣቱና አፉ ታረቁ። የከበደው ቀጣዩ ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ «እና ስንት ናቸው?» ስለው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የሁሉም ልክ መሆኑ እስኪገባው ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

አንድ ማታ ለሁለታችንም አምስት አምስት ደረደርኩ። የእኔን ረድፍ ራቅ ራቅ አድርጌ ስዘረጋው «ያንቺ በዛ!» ብሎ አለቀሰ። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ረጅም ረድፍ ብዙ ይመስላቸዋል። እኔም አልተከራከርኩም፤ ረድፍ ተቀያየርን።

በቀለም መለየቱ ቀን ቀን ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን በሻማ ቀዩና ብርቱካናማው አንድ ናቸው። ይሄ የእቃው ጉድለት ነው።

ትልቁ ጉድለት የወጣው ሁሉንም ምንጣፍ ላይ አስር በአስር ስንደረድር ነው። በነገራችን ላይ አማርኛችን እዚህ ያግዛል። «አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት» ሲል አስሩ ራሱ ይሰማል። ልጄ ከሃያ ዘጠኝ ቀጥሎ «ሃያ አስር» ይላል፤ ሂሳቡ ትክክል ስለሆነ ለማረም አንጀቴ አይችልም። እና ዘጠኝ ረድፍ ሞላ። አስረኛው ላይ ቆም አለና «እማዬ፣ ይሄኛው አልሞላም» አለኝ። ሰባት ነው። መቶ መቁጠር የማይችል ልጅ መቶው መጉደሉን አወቀ!

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ባለሱቁን «ሦስት ይቀራል» አለው። ሰውዬው እየሳቀ ሁለት ፍሬ ሰጠው። ልጄ እጁን አላጠፈም። «አንድ ይቀራል።» ሰጠው እንግዲህ፣ ምን ያድርግ!

መቀነስን የምናስተምረው በመብላት ነው፤ በቀን አንድ ፍሬ ብቻ፣ ከእራት በኋላ፣ ከዚያ ጥርስ መቦረሽ። ደረቅ ከረሜላ ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኔ እያየው ነው የሚበላው። ታናሽ እህቱ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ትምህርቱ የሚጀመረው እሷ ስትተኛ ነው። ሲያበቃም ቆጥረን እናነሳለን፤ አንድ ከጎደለ ምንጣፍ ይገለባል።

አማቴ ነገሩን አልወደዱትም። «ጥርሱ ሲረግፍስ በምን ልትቆጥሩት ነው? እኛ ገበጣ የተጫወትነው በጠጠር ነው» ብለው አንድ ጣሳ ሽምብራ አመጡ። እውነት ለመናገር ለቆጠራው ሽምብራው ይሻላል። አይጣብቅም፣ ጉንዳን አይጠራም፣ የከረሜላውን ያህልም አያስወጣም። ከረሜላውን ደግሜ ብገዛ ለቀለሙና ለመቀነሱ ብቻ ነው።

መቀነሱን በሽምብራ ሞክረነው ነበር። «አምስት ነበረህ፣ አንዱን ወሰድኩ፣ ስንት ቀረህ?» አልኩት። ሽምብራውን አየና «ሁሉንም ውሰጂው» አለኝ።